የድምፅ ባለቤት ማን ነው? ስለ ወይዘሪት ዱስቲ ስፕሪንግፊልድ የመጀመሪያ ሸክላና ስለ ኅትመቱ

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለቃል የተሰጠው ክብር ምን ያህል ከፍ ያለ እንደ ነበረ ያስረዳል። ነገር ግን ይህ ምሳሌ በተነገረበት ዘመን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚያድርበት ቤት የሰው ልብ ብቻ ነበር። ድምፅን ይዞ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ከተገኘ ወዲህ ግን ቃል ከተናጋሪው ተለይቶ ለብቻው የሚኖር፥ የሚሸጥና የሚለወጥ፥ ከአባትም ለልጅ የሚወረስ ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ ድምፅ ከአፍ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ማን ነው? የሚለው ጥያቄ የዳኞችና የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ ሳይሆን፥ ሸክላና የሸክላ ማጫወቻ ያለበት ቤት ሁሉ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከአገራችን ታሪክ ጋራ የተያያዘ አንድ ምስክር አለን። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ዓ.ም. ድምፃቸውን በሰም ሲሊንደር ላይ አስቀርጸው ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልከው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምናመለክተው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የንግሥቲቱ ፈቃድ መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ነበርና፥ እንደ ፈቃዳቸው ተፈጸመ። ንግሥት ስለ ሆኑ ለድምፃቸው እስከ መጨረሻው ድረስ ጌታ ሆነው ቀሩ።

ከዚያ 66 ዓመት በኋላ በዚያው በእንግሊዝ አገር የአንድ የግብር ሒሳብ ዐዋቂ ልጅ የሆነች ዘፋኝ ድምፅ በሸክላ ታትሞ በባሕር ማዶና በባሕር ወዲህ ተበተነ። እርሷ እንደ ንግሥቲቱ «ይጥፋ» ብላ የማዘዝ ሥልጣን አልነበራትም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህን ሸክላ ታሪክ ነው፤ ይኸውም እንዴት እንደ ተወለደ፥ ነጋዴዎች እንዴት እንደ ለዋወጡት፥ የድምፁም ባለቤት በምን ነገር ጌታ ሆና በምን ነገር እንዳልሆነች ለማሳየት ነው።

ልጅቱና ቤተሰቧ

ዓለም ዱስቲ ስፕሪንግፊልድ ብሎ የሚያውቃት ዘፋኝ የጥምቀትና የቤተሰብ ስሟ ሜሪ ኢዛቤል ካትሪን በርናዴት ኦብራይን ነው። በአፕሪል 16 ቀን 1939 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ከአየርላንድ ከመጣ የካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደች። ዱስቲ ማለት በቋንቋችን «አቧራማ» ማለት ነው። ይህንንም ስም ያገኘችው በልጅነቷ በመንገድ ላይ ከወንዶች ልጆች ጋራ ኳስ ስትጫወት ነው ይባላል። በእኛም አገር በልጅነት የወጣ የቅጽል ስም ጐልማሳውን እስከ ሹመቱ ድረስ የሚከተለው ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም።

የቤተሰቡ ፍቅር ሙዚቃ ነበር። አባቷ በጣታቸው በእጇ ጀርባ ላይ የዜማ ምት እየመቱ የየትኛው ድርሰት ምት እንደ ሆነ እንድታውቅ ይፈትኗት ነበር። ይህን ስናነብ የአገራችን የዜማ ተማሪ ይታሰበናል፤ እርሱም በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፥ ይዘቱንና ደረቱን በብራና ላይ ከማየቱ በፊት በጆሮው ይለየዋልና። ጆሮ ከዐይን አስቀድሞ መሠልጠኑ በሁለቱም አገር አንድ ነው። አባት ለልጁ ይህን ለማስተማር ገንዘብ አላወጡም፤ ያወጡት ጊዜያቸውን ብቻ ነው።

ልጅቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሆናት ጊዜ በሰፈሯ ወደሚገኝ የሸክላ መደብር ሄዳ ድምፅዋን አስቀረጸች። ለሽያጭ ያልተዘጋጀ፥ የአንዲት ሕፃን ድምፅ የያዘ ሸክላ ነበር። የኋላዋ ታላቅ ዘፋኝ ራሷን ከውጭ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው በዚህ መንገድ ነው። ለወላጆች የምናመለክተው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የልጅ ድምፅ ከልጅነቱ ጋራ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ማስቀረጽ የሚችል ሁሉ ቢያስቀርጽ ለኋላ ዘመን ከወርቅ የሚበልጥ ቅርስ ያገኛል።

ትምህርቷን በገዳማውያን እኅቶች ትምህርት ቤት ፈጸመች። በ1958 ዓ.ም. ከሁለት ሴቶች ጋራ ላና ሲስተርስ በሚባል ማኅበር ገባች፤ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ከወንድሟና ከአንድ ጓደኛቸው ጋራ ስፕሪንግፊልድስ የተባለውን ማኅበር አቋቋመች። የማኅበሩ ስም ለእርሷም ለወንድሟም የመድረክ ስም ሆነላቸው። ይህ ማኅበር በ1962 ዓ.ም. አንድ ዘፈኑ በአሜሪካ ከሃያዎቹ ምርጥ ሽያጮች መካከል ስለ ገባ ዝናው ከፍ ብሎ ነበር። ነገር ግን ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ የሰማችው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ልቧን ወሰደው። በ1963 ዓ.ም. ከወንድሟ ማኅበር ወጥታ ለብቻዋ ለመዝፈን ቈረጠች። ከወንድም ጋራ የሚበላን እንጀራ ትቶ ወደማይታወቅ መንገድ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ እርሷ ግን የራሷን ድምፅ የምትፈልግ ስለ ነበረች ወጣች።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር «አይ ኦንሊ ዎንት ቱ ቢ ዊዝ ዩ» የተባለው የመጀመሪያው ትንሽ ሸክላዋ ወጣ። የዜማው ደራሲዎች ማይክ ሆከርና አይቮር ሬይሞንድ ነበሩ፤ ሬይሞንድ ራሱ የኦርኬስትራው መሪ ነበረ። ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር የሽያጭ መዝገብ አራተኛ፥ በአሜሪካ ዐሥራ ሁለተኛ ደረጃ አገኘ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1964 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተባለውን ዝነኛ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰማም ከዘፋኞቹ አንዷ እርሷ ነበረች።

ዐሥራ ሁለቱ ዘፈኖች

በአፕሪል 17 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ ይኸውም ሃያ አምስት ዓመት በሞላት በማግሥቱ፥ «ኤ ገርል ኮልድ ዱስቲ» የተባለው የመጀመሪያው ታላቅ ሸክላዋ በፊሊፕስ ኩባንያ ታትሞ ወጣ። ትርጕሙ «ዱስቲ የተባለች ልጅ» ማለት ነው። በማኅደሩ ላይ ያለው ሥዕል የሐር ቀሚስ የለበሰች እመቤት አይደለም፤ የሠራተኛ ልብስ የሆነውን ሰማያዊ የጂንስ ሸሚዝ ለብሳ ትታያለች። ሸክላው በእንግሊዝ አገር የሽያጭ መዝገብ እስከ ስድስተኛው ደረጃ ደረሰ።

በእያንዳንዱ ገጽ ስድስት ስድስት፥ በጠቅላላው ዐሥራ ሁለት ዘፈኖች አሉበት። ከእነርሱ የሚበዙት አስቀድመው በአሜሪካውያን፥ ይልቁንም በጥቁር አሜሪካውያን የተዘፈኑ ነበሩ። «ማማ ሴድ» እና «ዊል ዩ ላቭ ሚ ቱሞሮ» የሺረልስ፥ «ዌን ዘ ላቭላይት ስታርትስ ሻይኒንግ ስሩ ሂዝ አይስ» የሱፕሪምስ፥ «ሞኪንግበርድ» የወንድምና የእኅት የቻርሊና የአይኔዝ ፎክስ፥ «ኤኒዋን ሁ ሃድ ኤ ሃርት» የዲዮን ዎርዊክ ነበሩ። ወይዘሪት ዱስቲ ይህን ብድር የምትሰውር አልነበረችም። በ1965 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሞታውን ዘፋኞች፥ ሱፕሪምስንና ስቲቪ ዎንደርን ጨምሮ፥ ለእንግሊዝ ሕዝብ ያስተዋወቀ ልዩ ዝግጅት ሲቀርብ አስተናጋጇ ራሷ ነበረች። ከሰው የተማረውን «ከሰው ተማርሁ» ብሎ የሚናገር ሰው ባለዕዳ ሳይሆን ባለጸጋ መሆኑን በዚህ እናያለን።

በመጀመሪያው ገጽ በሁለተኛው ተራ የተቀመጠው «ዩ ዶንት ኦን ሚ» የሚባለው ዘፈን ነው። ጆን ማዳራና ዴቪድ ዋይት ደርሰውት በ1963 ዓ.ም. ሌስሊ ጎር የተባለች አሜሪካዊት ልጅ ዘፍናው ነበር። የስሙ ትርጕም «አንተ ባለቤቴ አይደለህም» እንደ ማለት ነው፤ ባለቤት የሚለውንም ቃል እዚህ ላይ በንብረት ጌታ ትርጕሙ እንወስደዋለን። የዘፈኑ አሳብ አንዲት ሴት እንደ ዕቃ እንዳትቈጠር መጠየቋ ነው። ይህን የሚል ዘፈን ራሱ ተሸጦ የሌላ ሰው ዕቃ መሆኑ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

በማኅደሩ ላይ የሥራው አዘጋጅ ተብሎ የተጻፈው ጆኒ ፍራንዝ ነው። ነገር ግን ስለ እርሷ የጻፉ ሁሉ እንደሚመሰክሩት፥ በቀረጻ ጊዜ የሙዚቀኞቹን ድምፅ የምትመርጥና የማያስደስታትን ደጋግማ የምታስጀምር ራሷ ነበረች። ስሟ ግን በዘፋኝነት እንጂ በአዘጋጅነት አልተጻፈም። ሥራው የእርሷ፥ መዝገቡ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። በመዝገብ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህ እንዴት ያለ ልዩነት እንደ ሆነ ያስተውለዋል።

ሸክላ አባትና እናት አለው

ሸክላ እንዴት እንደሚታተም ያላወቀ ሰው ስለ ኅትመት ልዩነት የምንለውን ሊረዳ ስለማይችል፥ ነገሩን በአጭሩ እንገልጻለን። ሸክላ የሚለው ስም በአገራችን የተሰጠው በድሮው ዘመን ስለ ነበረው በቀላሉ የሚሰበር ዐይነት ነው። ያ ሸክላ ሼላክ ከሚባል፥ በሕንድና በአካባቢዋ አገሮች ነፍሳት በዛፍ ላይ ከሚያወጡት ሙጫ የሚሠራ ነበረ፤ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል፤ በአንድ ገጹ የሚይዘውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራውን፥ በደቂቃ 33 ጊዜና ሢሶ የሚዞረውን፥ በአንድ ገጹ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘውን ታላቅ ሸክላ አወጣ። በሚከተለው ዓመት አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ትንሹ ሸክላ ለነጠላ ዘፈን፥ ታላቁ ሸክላ ለዘፈኖች ስብስብ ሆኑ።

ዘፈኑ መጀመሪያ በቴፕ ላይ ይቀረጻል። ቀጥሎ ላከር በሚባል ለስላሳ ልባጥ የተሸፈነ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ሲዞር፥ በድምፁ የሚንቀጠቀጥ የሾለ መቅረጫ ከዳር ተነሥቶ ወደ መካከል የሚጠመዘዝ ቀጭን ትልም ያርስበታል። ይህ ትልም እንደ ገበሬ ትልም ብዙ አይደለም፤ በአንድ ገጽ ላይ ያለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ብቻ ነው። ሰሌዳው በብር ከተለበጠ በኋላ በኤሌክትሪክ ኀይል ኒኬል እንዲለብስ ይደረጋል። ኒኬሉ ሲላቀቅ ትልሙ ጉብ ብሎ በእርሱ ላይ ይገኛል፤ ይህንንም የሥራው ሰዎች አባት ይሉታል። ከአባት በዚያው መንገድ የሚወሰደው፥ ትልሙ እንደገና ጐድጓዳ የሆነው፥ እናት ይባላል። ከእናትም ማተሚያዎች ይወለዳሉ። የሞቀ የቪኒል ሊጥ በሁለት ማተሚያዎች መካከል ገብቶ በእንፋሎት ግለትና በከባድ ኀይል ይጨመቃል፤ ወዲያውም በውሃ ይቀዘቅዛል። በመካከሉ ያለው ክብ ወረቀት በሙጫ የተለጠፈ ሳይሆን በዚያው ግለት ከቪኒሉ ጋራ የተዋሐደ ነው። አንድ ማተሚያ አንድ ሺህ ያህል ከጨመቀ በኋላ ይደክማልና ከእናቱ ሌላ ይወሰዳል።

እንግዲህ የአንድ ዘፈን ሸክላዎች ሁሉ ወንድማማች ናቸው፤ ነገር ግን መንትዮች አይደሉም። ከአዲስ ማተሚያ የወጣውና ከደከመው የወጣው አንድ አይሆኑም። ከመጀመሪያው ቴፕ የተቈረጠውና ወደ ሌላ አገር ከተላከ የቴፕ ግልባጭ የተቈረጠውም ይለያያሉ። የሸክላውን ዘር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማኅደሩን ብቻ አይመልከት፤ ትልሙ ካለቀበት ቦታ አንሥቶ እስከ ክቡ ወረቀት ድረስ ባለው ልሙጥ ስፍራ ላይ በቀጭኑ የተቀረጸውን ቍጥርና ፊደል በብርሃን አዘንብሎ ይመልከት። ይህ የሸክላው የትውልድ መዝገብ ነው። ማኅደር ሊለወጥ ይችላል፤ በቪኒሉ ላይ የተቀረጸው ግን አይለወጥም።

የሎንዶኑ ልጅና የአሜሪካው ልጅ

የወይዘሪት ዱስቲ ሸክላ በእንግሊዝ አገር በሁለት ዐይነት ወጣ። አንደኛው ሞኖ ሲሆን ቍጥሩ ቢ ኤል 7594፥ ሁለተኛው ስቴሪዮ ሲሆን ቍጥሩ ኤስ ቢ ኤል 7594 ነው። በሞኖ ሸክላ መርፌው በትልሙ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ይወዛወዛል፤ ድምፁም አንድ ነው። በ1958 ዓ.ም. ለገበያ በወጣው በስቴሪዮ ግን የትልሙ ሁለት ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ስለሚይዙ፥ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይሰማል። በ1964 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሚበዙት ቤቶች የነበረው አንድ ድምፅ ማውጫ ያለው ማጫወቻ ስለ ሆነ፥ የተሸጠው በብዛት ሞኖው ነው። ስለዚህ ዛሬ ስቴሪዮው ብርቅ ሆኖ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ብርቅ መሆን ግን የተሻለ መሆን አይደለም። የዚያን ጊዜ የዘፈን አዘጋጆች አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ትንሹ ማጫወቻና ስለ ራዲዮን ስለ ነበረ፥ ዘፋኟ በዘመኗ ሰዎች ቤት እንዴት እንደ ተሰማች ማወቅ የሚወድ ሰው ሞኖውን ቢሰማ ይሻለዋል።

ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት የተደረገው ሸክላው አትላንቲክን በተሻገረ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር በትንሹ ሸክላ የተሸጠ ዘፈን በታላቁ ሸክላ ዳግመኛ አለመግባቱ የተለመደ ነበር፤ ገዢው ለአንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ማለት ነው። ስለዚህ ዝናዋን ያወጣው «አይ ኦንሊ ዎንት ቱ ቢ ዊዝ ዩ» በሎንዶኑ ታላቅ ሸክላ ላይ የለም። የአሜሪካ ነጋዴዎች ልማድ ግን ተቃራኒ ነበር፤ ታላቁን ሸክላ የሚሸጠው ዝነኛው ዘፈን ነው ይላሉ። ስለዚህ በ1964 ዓ.ም. በቍጥር ፒ ኤች ኤም 200-133 በሞኖ፥ በቍጥር ፒ ኤች ኤስ 600-133 በስቴሪዮ ባወጡት ሸክላ ላይ ዝነኞቹን ዘፈኖች ጨምረው፥ ከሎንዶኑ ዘፈኖች አንዳንዶቹን አስወጡ። ተራውን ለወጡ፤ ስሙንም «ስቴይ አዋይል» እና «አይ ኦንሊ ዎንት ቱ ቢ ዊዝ ዩ» በተባሉት በሁለቱ ዝነኛ ዘፈኖች ጠሩት። «ዱስቲ የተባለች ልጅ» የሚለው ስም ጠፋ።

አንድ ዘፈን ደግሞ በሁለቱ አገሮች ዕድሉ ተለያየ። በርት ባካራክና ሃል ዴቪድ የደረሱት «ዊሺን ኤንድ ሆፒን» በሎንዶኑ ሸክላ በሁለተኛው ገጽ ከመጨረሻው በፊት ተሸሽጎ የተቀመጠ ነበር። በአሜሪካ ግን በትንሽ ሸክላ ለብቻው ወጥቶ በዚያው ዓመት በበጋ ስድስተኛ ደረጃ አገኘ። በአንድ ቤት እንደ ታናሽ የተቈጠረ ልጅ በሌላ ቤት በኵር ሆነ እንደ ማለት ነው።

ነጋዴዎቹ ክፉ አደረጉ ለማለት አንፈርድም፤ የአገራቸውን ገበያ ያውቃሉና፥ ለዘፋኟም ሀብትና ዝና አስገኝተውላታል። ነገር ግን የአሜሪካ ሕዝብ «የመጀመሪያ ሸክላዋ» ብሎ የተቀበለው እርሷና ባልደረቦቿ በሎንዶን የሠሩትን ስብስብ አይደለም። የዘፈን ተራ ዋዛ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው፥ ከአንድ ደብዳቤ መካከል ሁለት ዐረፍተ ነገር ወጥቶ ሌላ ሁለት ቢገባበት፥ በራስጌውም ላይ ሌላ ርእስ ቢጻፍበት፥ የፈራሚው ቃል ነው ሊባል ይችላልን? ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በእንግሊዝ አገር በ1956 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት ሕግ መሠረት የቀረጻው ባለመብት አሠሪው ኩባንያ እንጂ ዘፋኙ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩ በሕግ የተፈቀደ ነበር።

ቃል የእምነት ዕዳ ነው

እንግዲህ ዘፋኟ በምንም ነገር ጌታ አልነበረችምን? ነበረች። ሸክላው በወጣ በስምንተኛው ወር፥ በዲሴምበር 1964 ዓ.ም.፥ ለመዝፈን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደች። ያን ጊዜ በዚያ አገር የነበረው የአፓርታይድ መንግሥት ነጭና ጥቁር በአንድ አዳራሽ አብረው እንዳይቀመጡ የሚከለክል ነበር። ወይዘሪት ዱስቲ በዘር ለተለየ ሕዝብ እንደማትዘፍን አስቀድማ በውሏ አስጽፋ ነበር። እንደ ቃሏም በኬፕ ታውን አጠገብ ሕዝቡ በአንድነት በተቀመጠበት አዳራሽ ዘፈነች። መንግሥቱም ከአገር እንድትወጣ አዘዘ፤ ጕዞዋም ተቋረጠ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉት የምንወደው ነገር አለ። በሸክላ የታተመው ድምፅዋ በዚያ አገር ወደ ነጩም ወደ ጥቁሩም ቤት ሊገባ ይችል ነበር፤ ሸክላ ማን እንደሚሰማው አይመርጥም፤ የገዛው ሁሉ ይሰማዋል። ሕያው ድምፅዋን ግን ለማን እንደምትሰጥና ለማን እንደማትሰጥ የምትወስነው እርሷ ብቻ ነበረች። አባቶቻችን «ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የአባት ዕዳ አይደለም» ይላሉ። እርሷም ያስጻፈችውን ቃል በገንዘብና በጕዞ ከፍላ ጠበቀች። በሸክላ ላይ «አንተ ባለቤቴ አይደለህም» ብላ የዘፈነችውን በሥራ ያሳየችው በዚህ ነው።

በአገራችን

ይህ ጥያቄ ወደ አገራችንም መጥቷል። በ1948 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ግን አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በራሱ ስም የሸክላ ድርጅት አቋቁሞ በመጀመሪያ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው የታተመው በሕንድ አገር ነው፤ ኋላም በሊባኖስ ይታተም ነበር። የአዲስ አበባ ድምፅ አባትና እናት አግኝቶ የተወለደው በባዕድ አገር ነው ማለት ይቻላል። ጥቂት ቈይቶም የወይዘሪት ዱስቲን ሸክላ ያወጣው ፊሊፕስ ራሱ የኢትዮጵያን ዘፋኞች ሸክላ ያወጣ ጀመር። አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም በ2021 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ድምፁ ግን አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 ለደራሲውና ለአሳታሚው ብቻ ሳይሆን ለድምፁ ባለቤት ለከዋኙም መብት ሰጥቷል። ሕጉ ወደ ቀድሞው ጥያቄያችን አንድ እርምጃ ቀረበ ማለት ነው።

ሸክላ ላለበት ቤት

አሁን የዚህን ዐምድ ልማድ ተከትለን ለቤት የሚጠቅመውን እናመለክታለን። ሸክላ በጣት ፊቱን አይነካም፤ በዳሩና በመካከሉ ባለው ወረቀት ይያዛል፤ የእጅ ቅባት አቧራን ይስባልና። በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አንዱ በሌላው ላይ ቢከመር ይጐብጣል። ፀሐይ በሚገባበት መስኮትና በምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ ቪኒል በግለት ይጣመማልና። የድሮውን የ78 ሸክላ በአልኮል መጥረግ ሼላኩን ስለሚያሟሟው ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ስለ መርፌም መጠንቀቅ ይገባል። የድሮው ሸክላ ትልም ከአዲሱ ሦስት እጥፍ ያህል ሰፊ ስለ ሆነ ለሁለቱ አንድ መርፌ አይበቃም። ለሞኖ ብቻ በተሠራ በአሮጌ ማጫወቻ የስቴሪዮን ሸክላ ማጫወት ትልሙን ይቧጭረዋል፤ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች መታዘዝ አይችልምና። የሞኖን ሸክላ ግን በስቴሪዮ ማጫወቻ ማጫወት ጕዳት የለውም። የደነዘዘ መርፌ በአንድ ምሽት የሚያደርሰው ጕዳት በማናቸውም ዋጋ ስለማይመለስ፥ መርፌን በጊዜው መለወጥ ከቍጠባ ሁሉ የበለጠ ቍጠባ ነው።

ከወላጆቹ ሸክላ የወረሰ ሰውም ከመሸጡ ወይም ከመጣሉ በፊት ሦስት ነገር በመዝገብ ይጻፍ፤ በማኅደሩ ላይ ያለውን ቍጥር፥ በክቡ ወረቀት ላይ ያለውን ቍጥር፥ በልሙጡ ስፍራ ላይ የተቀረጸውን ምልክት። ሦስቱ ከተስማሙ ሸክላው በራሱ ማኅደር ውስጥ ነው። ካልተስማሙም ይወቀው እንጂ አይጣለው፤ ድምፁ ያው የባለቤቱ ድምፅ ነውና።

ወይዘሪት ዱስቲ በጡት ነቀርሳ ታማ በማርች 2 ቀን 1999 ዓ.ም. ዐረፈች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ሰጥቷት የነበረውን የክብር ኒሻን የተቀበለችው በታመመችበት ሆስፒታል ነው። የሎንዶኑ ሸክላዋ በ1997 ዓ.ም. በሲዲ ዳግመኛ ሲወጣ ዐሥራ ሁለቱ ዘፈኖች በፊተኛው ተራቸውና በፊተኛው ስማቸው ተመልሰው፥ ሌሎች ዘፈኖች ከእነርሱ በኋላ ተጨመሩ።

እንግዲህ የድምፅ ባለቤት ማን ነው? ሕግ ለኩባንያው ድርሻ ይሰጣል፥ ለደራሲው ይሰጣል፥ ለዘፋኙም መስጠት ጀምሯል። ሸክላውን የገዛ ሰው የቪኒሉ ጌታ ነው፤ ለድምፁ ግን ባለአደራ እንጂ ጌታ አይደለም። አደራ ያለበት ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ የተቀበለውን ከጕዳት መጠበቅ፥ የማን እንደ ሆነም ለልጆቹ በእውነተኛ ስሙ መንገር። ይህን የሚያደርግ ቤት ሸክላው ትንሽ ቢሆንም ታላቅ አደራ ጠብቋል።